ለሙቀት ይከፈላል፣ ለብርድ አይከፈልም

በሽበቴ ዘበኛ ሆንኩ። ጉልበቴ ሞፈር አልሸከም ሲለኝ ከዘመሮ በላይ ካለው የመንገድ ሥራ ካምፕ ገባሁና የግሬደር ጠባቂ ተባልኩ። ሌባ ቢመጣ ምን እንደማደርግ እስከ ዛሬ አላውቅም። መሮጥ አልችል፤ ልጩህ ስል ሳል ይቀድመኛል። ደግሞስ ግሬደር ማን በትከሻው ተሸክሞ ይሄዳል? ብቻ ዱላ ይዤ እቆማለሁ፣ እነሱም ደመወዝ ይሰጡኛል።

ይኸው ድርጅት ሌላም ካምፕ አለው፤ ከገደሉ በታች፣ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው ቆላ። እዚያም እንደኔ ያለ ዘበኛ፣ እንደኔው ዱላ ይዞ፣ እንደኔው ያለ ግሬደር ይጠብቃል። ልዩነቱን የነገረን ናፍጣ የሚያመላልሰው ሾፌር ነው። የቆላው ዘበኛ በደመወዙ ላይ የበረሃ አበል ይጨመርለታል።

«ምን ስላደረገ?» አልኩት።

«ይሞቀዋላ፣ አባባ!»

«ስለሞቀው ነው የሚከፈለው?»

«አዎ።»

ምራቄን እንትፍ አልኩ። እኛ ዘንድ ጥቅምት ሲገባ ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ድንጋይ ሆኖ ያድራል። ጺሜ ላይ አመዳይ ወርዶብኝ ቤት ስገባ ባለቤቴ «ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያደርከው?» ያለችኝ ጊዜ አለ።

ሾፌሩ ያጽናናኝ መስሎት አሜሪካን አመጣ። «እዚያም እኮ እንዲሁ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ፣ ባንዱ ስቴት ያለው ብዙ ያገኛል፤ ወሰኑን ተሻግሮ ያለው ደግሞ ትንሽ።»

«ለምን?»

«ኑሮው ስለሚለያይ ነው ይላሉ። የቤት ኪራዩ፣ የምግቡ።»

እነሱስ ምክንያት አላቸው። ጤፉም ማገዶውም ከቆላ ዳገት ወጥቶ፣ ዋጋው ላይ የአህያውን ላብ ጨምሮ ነው እኛ ዘንድ የሚደርስ። በኑሮ ከሆነ ብዙ መከፈል የነበረበት ለኔ ነው። ነገሩ ቀፈፈኝ። ማን ነው የሰውን ላብ ቆጥሮ የሰውን መንቀጥቀጥ የዘለለ?

በር ላይ አብሮኝ የሚፈራረቅ ባልንጀራ ነበረኝ። ሚስቱ የሞተችበት፣ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ የነበረ፣ ብዕር የሚያውቅ ሰው ነው። ማመልከቻውን የጻፈው እሱ፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ «ጠንከር አድርገው» ስል ነበር። የጠየቅነው የብርድ አበል ነው።

«እምቢ ካሉ ግን ጋሼ፣ እኔ ወደ ቆላው እዛወራለሁ» አለኝ።

«እኔንስ?»

«አንተማ ግሬደሩ አለልህ።»

ሳቅኩለት እንጂ ሳቄስ አልመጣም። እሱ ከሄደ የምሰድበው ሰው አይኖረኝም፤ በዚህ ዕድሜ አዲስ ተሰዳቢ ከየት ይገኛል?

ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ መጣ። አንድ ሰው ይላካል፤ እዚያው አድሮ ብርድ መኖሩን አይቶ ይወስናል።

ሰውየው መጣ። ልጅ ነው፤ «እርስዎ» ስለው ጉሮሮዬን ያንቀኝ ነበር። ስስ ኮት ለብሶ ከመኪናው ሲወርድ ጥርሱ ተንገጫገጨ። እንዴት ደስ አለኝ መሰላችሁ! ባልንጀራዬም በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ አበሉ ተገኘ ማለቱ ነው። እዚያው የምንጠብቅባትን የቆርቆሮ ጎጆ አሳይተን «ደህና ይደሩ» ብለነው ብንሄድ ኖሮ አልቆ ነበር።

አፌ ግን ከልቤ ቀደመ። «ቤት ለእንግዳ!» ብዬ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

ባለቤቴ ገና ከደጅ ስታየው «ውይ ልጄን! ምን አድርገውብህ ነው?» ብላ እጁን በእጇ ታሸው ጀመር። በጥቅምት አንድ አጥንት ተብሎ በግ ታረደ። እሳቱ ተቆሰቆሰ፣ አረቄው ተቀዳ። ይህ ሁሉ ሳይበቃ ባለቤቴ ባናውን አወጣች። ዘበኛ ስሆን ከራሳችን በጎች ጠጉር ፈትላ ያሠራችልኝ፣ ውርጭ የማይበሳው፣ ለብሼው የማድረው ባና ነው።

«ጋሼ፣ አንተስ ምን ልትለብስ ነው?» አለኝ ባልንጀራዬ በጆሮዬ።

«ዝም በል፣ እንግዳ ነው።»

የማዳበሪያ ጆንያ ተከናንቤ ወደ ግሬደሬ ወጣሁ።

ጠዋት ቤት ስመለስ እንግዳው ደጅ ቆሞ ይንጠራራል፤ ጉንጩ ቀልቷል።

«እንዴት አደሩ?» አልኩት።

«ኧረ አባት፣ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም! ሞቆኝ ካልሲዬን አወለቅኩ።»

ማልዶ የመጣው ባልንጀራዬ አማተበ።

«እርስዎስ ብርዱን እንዴት ቻሉት?» አለኝ እንግዳው።

አፍንጫዬ ይንጠባጠባል፣ ጣቶቼ ዱላውን አልለቅ ብለዋል። አሁን ነበር መናገር። ግን የመንዝ ሰው በእንግዳ ፊት «በረደኝ» ይላል? አባቴ ቢሰማ ከመቃብር ተነሥቶ ይገርፈኛል። «እህ! ይቺ ደግሞ ምን ብርድ ናት?» አልኩ።

ባልንጀራዬ ይሁዳን እንደሚያይ አየኝ።

እንግዳው ባናውን እየዳበሰ ይሸጥ እንደሆን ጠየቀ። «እንግዳ የለበሰው አይሸጥም፤ ውሰደው ልጄ» አለችው ባለቤቴ። ወሰደዋ! ባናዬ በመኪና መስኮት ሲሄድ ቆሜ አየሁት፤ እጄንም አውለበለብኩ።

ውሳኔውን የካምፑ ኃላፊ ነገረን። ቦታው ምቹ ነው፣ ነዋሪውም ብርዱን ስለለመደው አበል አያስፈልገውም። ያንገሸገሸኝ ይህ «ስለለመደው» የሚሉት ነገር ነው። ሰው መከራ ሲለምድ ዋጋው ይቀንሳል ማለት ነው። በሬም ቀንበር ለመደ ተብሎ ድርቆሽ አይከለከልም። ልጁን ተጸየፍኩ፣ ድርጅቱን ተጸየፍኩ፤ ከሁሉ በላይ ግን የገዛ ምላሴን። እሷ ከሌላው አካላቴ ተለይታ ሞቋት ነበር።

ባልንጀራዬ እንዳለው ወደ ቆላው ወረደ። በር ላይ ከኔ ጋር ያለው አሁን ግሬደሩ ብቻ ነው፤ እሱም ስድብ አይመልስም።

በቀደም ስልክ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እነዚህ የቆላ ሰዎች አበሉን እንዴት እንዳገኙት ነገሩኝ። ሊያጣራ የመጣውን ሰውዬ እንደ እናንተ አላንደላቀቁትም፤ ጥላ እንኳ አልሰጡትም። ‘ትንሽ ይጠብቁን’ ብለው ፀሐይ ላይ አቆሙት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳይጠይቁት ፈረመ።»

ስልኩን ዘግቼ ባለቤቴን ጠራኋት። «ስሚ፣ ከእንግዲህ ከመሥሪያ ቤት ሰው ቢመጣ እሳት የለም፣ አረቄ የለም። ደጅ ይቁም!» አልኩ።

«እሺ» አለች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ጠጉር ትፈትላለች።

«ባናዬ ነው?»

«ያንተ በኋላ ይደርሳል። ይሄ የእንግዳ ነው፤ ያ ልጅ የወሰደው ብቻ ነበር እኮ የነበረን። ነገ ሰው ቢመጣ ምን ልናለብስ ነው?»

ከእሳቱ የፍም ፍንጣሪ ሲዘል አየሁና፣ እየተራገምኩ፣ የጠጉሩን ቅርጫት ወደ ጥግ ፈቀቅ አደረግኩላት።