አቶ ደረጀን «ተኝተው ያሳዩን» ያልኩ ዕለት

ይህ የሆነው አምና መስከረም ላይ ነው፤ ኮሌጆች ተማሪ ሊቀበሉ ሽር ጉድ በሚሉበት ሰሞን። ከዚያ ወዲህ ተደራራቢ አልጋ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ያደረግኩት በቀል ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም።

በፊት ጎንደር ውስጥ፣ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። በርና መስኮት፣ የተማሪ ዴስክና ተደራራቢ አልጋ እንሠራለን። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ነበሩ። ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የጥራት ሥልጠና ወስደን ስንመለስ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሠመረ፣ ግድግዳው ላይም «ጥራት የሁላችንም ኃላፊነት ነው» ተብሎ በትልቁ ተጻፈ። አቶ ደረጀ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት ያንን ግድግዳ ነው።

እኔ ግን ነገሩን የምር ወሰድኩት። እያንዳንዱ አልጋ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አገላብጬ አያለሁ። ብየዳው እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ብቻ ተደርጎ ከታለፈ በቀይ ጠመኔ ምልክት አድርጌ እመልሰዋለሁ። በያጆቹ አይቀየሙኝም፤ የሚያጣድፋቸው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። አቶ ደረጀ ግን ጠመኔውን ሲያዩ ይበግናሉ።

«ጃፓን ያለሽ መሰለሽ እንዴ? ቀለም ከተቀባ በኋላ ማን ያየዋል!» ይሉኛል።

አንድ ጊዜ ለእናቴ ተዝካር ፈቃድ ወጥቼ ስመለስ ምልክት ያደረግኩባቸው አልጋዎች የሉም። ዋናውን በያጅ መላኩን ጠየቅሁት።

«ጠመኔውን አስጠርገው፣ ቀለም አስቀብተው አስጫኑት። እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ።

አልጋዎቹ የሄዱት ማራኪ ሰፈር ውስጥ ለተማሪዎች ክፍል ለሚያከራዩ አንዲት ሴት ነበር። አቶ ደረጀ ቢሮ ገብቼ «እባክዎ አልጋዎቹ ይመለሱ፤ ሰው ይጎዳል» አልኳቸው። ከስልካቸው ቀና እንኳ አላሉም።

ብዙም አልቆየ። ከእነዚያ አልጋዎች የአንዱ የላይኛው ክፍል ተገንጥሎ ታች በተኛች ተማሪ ላይ ወደቀ። የቀኝ ክንዷ ተሰበረ። ከአይከል ከተማ የመጣች ልጅ ናት። አባቷ አያ ምትኩ የሚባሉ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን ሆስፒታል ትተው፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ወደ ግቢያችን መጡ።

«ምነው ልጆቼ፣ ብረት እንዲህ ይለቃል?» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ደረጀ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «የጥራት ኃላፊዋ እሷ ናት። አይታ ያሳለፈችው እሷ ናት!»

ሽማግሌው ዞረው ትክ ብለው አዩኝ። «አንቺም የሰው ልጅ ነሽ እኮ፣ ልጄ» ብቻ አሉ።

እኔ አይደለሁም ልላቸው አፌን ብከፍት ድምፅ አልወጣ አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። በዚያው ዕለት ተባረርኩ።

መባረሩን እረሳው ነበር። የእኒያ ሽማግሌ አስተያየት ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። የኔ ቀን እስኪመጣ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ።

ቀኑም መጣ። አዲስ የተከፈተ የግል ኮሌጅ ዕቃ ተረካቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ለተማሪዎች ማደሪያ ተደራራቢ አልጋ ለማሠራት ጨረታ ሲወጣ ያሸነፉት አቶ ደረጀ ሆኑ። ለንብረት ክፍል ኃላፊው ለጋሽ ውበቱ፣ እዚያ እንደሠራሁና በክፉ እንደተለያየን አልደበቅኋቸውም።

«እንግዲያማ ዕቃቸውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔም አብሬሽ ቆሜ አያለሁ» አሉኝ።

ዕቃው የመጣ ዕለት አቶ ደረጀ ከአይሱዙው ጋቢና ሲወርዱ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፈገግታቸው ግማሽ ላይ ቀረ።

«እዚህ ነሽ እንዴ?»

«እዚህ ነኝ።»

አልጋዎቹ በሰማያዊ ቀለም ያብረቀርቃሉ። ጎንበስ ብዬ መገጣጠሚያውን በጣቴ ዳበስኩት። ያው ነጥብ ነጥብ ነው። ሰውየውን የልጅቱ ክንድ መሰበር እንኳ አላስተማራቸውም። ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደስ አለኝ።

ቀለሙን ፍቄ ማሳየትና መመለስ እችል ነበር። አልፈለግኩም። ጥበቃዎቹን ፍራሽና አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች አስመጣኋቸው። የኮሌጁ ሠራተኞች ተሰበሰቡ።

«አቶ ደረጀ፣ አልጋው ጠንካራ ነው አይደል?»

«ምን ጥያቄ አለው!»

«እንግዲያው ታችኛው ላይ ጋደም ይበሉልን። ከላይ አሸዋውን እንጭናለን። ከአንድ ተማሪ አይከብድም።»

ሳቁ። ማንም አብሯቸው አልሳቀም።

«የምን ቀልድ ነው? ሱፍ ለብሼ?»

«ፍራሽ አንጥፈንልዎታል።»

«ወገቤን ያመኛል።»

«ኧረ ይተኙ፣ አቶ ደረጀ! ልጆች ሊተኙበት አይደል እንዴ?» አሉ ጋሽ ውበቱ።

ወደ አልጋው ተራመድ አሉና ቆሙ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ቢተኙ ኖሮ አሸዋውን አስጭን ነበር ወይ? ዛሬም ለራሴ አልመለስኩትም።

«እኔ አልተኛም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«የአይከሏን ልጅ ግን አስተኝተዋታል» አልኳቸው። ያኔ ያልወጣው ድምፄ አሁን ግቢውን ሞላው።

ባዶውን አልጋ ጫንነው። ገና ጆንያዎቹ ተጭነው ሳያልቁ አንዱ ጎን ቋ ብሎ ለቀቀ። ጋሽ ውበቱ መኪናው ላይ የቀረውን እንዳያወርዱ፣ የወረደውንም መልሰው እንዲጭኑ አዘዙ። አቶ ደረጀ ቀና ብለው ማንንም ሳያዩ ጋቢና ገቡ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መላኩ ደወለልኝ። «ሁሉንም እንደገና እየበየድን ነው፣ እሑድን ጨምሮ። ምነው፣ እኛ ምን አደረግንሽ?» አለኝ። እሱስ እውነቱን ነው፤ የእነሱ ድካም አሳዘነኝ። «እሳቸውስ?» አልኩት። «አጠገባችን ቆመው እያንዳንዱን ብየዳ ያያሉ። ቀለም ቀቢው ያለ እሳቸው ፈቃድ ብሩሽ አያነሳም» አለኝ። አልጋዎቹ ተመልሰው ሲመጡ አሸዋውን ጫንኩ፤ ቻሉ። ተረከብኳቸው።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ይቅር በያቸው፣ ጸልዪላቸውም አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ማታ ማታ እጀምራለሁ፤ ስማቸው ላይ ስደርስ ግን ያ ላብ ያጠመቀው ፊታቸው ይመጣብኛል፤ ጸሎቴን አቋርጬ ብቻዬን እስቃለሁ።