የራስጌው መክተፊያ

ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ያሉት አከራዬ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የአልጋቸውን የዋንዛ ራስጌ አውጥተው «መክተፊያ አድርጊልኝ፣ ለፍስክ» አሉኝ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት መልስ እንጨት እንደምሠራ ያውቃሉ።

ማጣበቂያ መምረጥ ቀላል አይደለም። ተራው ነጭ ኮላ ለወንበር ጥሩ ነው፤ መክተፊያ ግን በየጊዜው ይታጠባል፣ ኮላውም ውሃ ሲጠጣ ይለቃል። ስለዚህ ውሃ የሚችለውን፣ ከሁለት ቱቦ የሚቀላቀለውን መረጥኩ። የራስጌውን ጣውላዎች ጎን ለጎን አጣብቄ በሞርሳ አሰርኳቸው። እንዳይጣመሙ ብዬም ከጀርባቸው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አግድም ደጋፊ ጣውላ ለጠፍኩ።

ሁዳዴ ሲገባ የፍስኩ መክተፊያ ታጥቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። በጾሙ አጋማሽ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እሳቸው ቤት ቁጭ ብለን ስንጫወት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ኳ አለ። ቆይቶ ደግሞ ኳ።

«አቤት፣ መጣሁ» አሉ ወደ ቁም ሳጥኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ታሞ ሳለ ሲፈልገኝ ራስጌውን ነበር የሚያንኳኳው» አሉ፣ ስለ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሁሉ።

ስወጣ፣ ገርጂ የምትኖረው ልጃቸው በሩ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። «ቲቸር፣ እማዬን እኔ ጋ ልውሰድሽ ስላት ‹ቢጠራኝስ› ብላ ከቤት አልወጣም አለች። ምሳዋን እንኳን ጀምራ ትታው ትነሳለች። የሠራሽው አንቺ ነሽ፣ ዝም አሰኚው።»

ምክንያቱ ገብቶኛል። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይጠባል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ መክተፊያው ሊሰበሰብ ሲል አግድም የተለጠፈው ጣውላ ይዞ አይለቀውም። የሚጮኸው ያ ትግል ነው። መክተፊያውን ወስጄ ደጋፊውን በመሮ ስፈለቅቀው ረጅም ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ አወጣ። እሱንም ማስረዳት እችላለሁ፤ ግን ቀሪውን ቀስ ብዬ ፈለቀቅኩት። ከዚያ ከመክተፊያው ጀርባ አፉ ጠበብ፣ ውስጡ ሰፋ ያለ ቦይ ቆፍሬ፣ ደጋፊውን ያለ ምንም ማጣበቂያ እንዲንሸራተት አድርጌ ሰካሁት።

ስመልስላቸው ጆሯቸውን አስጠጉበት። ብዙ ጠበቁ።

«ለምን ዝም አለ?»

«ተጨንቆ ነበር፣ እትዬ። አሁን መንቀሳቀሻ አገኘ።»

«ተመቸው ማለት ነው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱም ጎኑን ሳገላብጠው ዝም ይል ነበር።»

መክተፊያውን ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለስኩላቸው።

በሳምንቱ ከልጃቸው ጋር ለመሄድ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። መክተፊያውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው አስታቀፉኝ።

«አንቺ ጋ ይሁን። ከጠራ ደውይልኝ» አሉ ልጃቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አንቺ ግን እንዳትመልሺለት።»

«እሺ» አልኳቸው።