የጉልሸር እጅና የኡስታዱ ጥምጣም

ብረት አንደበት ቢኖረው፣ በሙልታን የሞተር ጠጋኞች ሰፈር የወደቀ ቁርጥራጭ ሁሉ የጉልሸርን ስም በዜማ በጠራው ነበር። ሌላው የጣለውን እሱ ያነሳል። የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ በፒስተኑ ቀለበቶች ዙሪያ ሲጠመጥመው፣ ቀለበቶቹ እንደ ተባበለ ሕፃን ጭጭ ብለው ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባሉ። ያለቀላቸውን የፍሪሲዮን ዲስኮች ከብረት ዘንግ ጋር በይዶ መያዣ ያደርጋቸዋል። ኩባንያው በመስታወት ሣጥን ደርድሮ የሚሸጠውን መሣሪያ እሱ ከጉድፍ መሃል ያወጣዋል።

መከራውም ይኸው እጁ ነበር። ጌታውና የሙያ መምህሩ ኡስታድ ኒያማት ልዩ መሣሪያ ገዝተው አያውቁም፤ ጉልሸር እያለ ለምን ብለው ይገዛሉ? እያንዳንዷ ብልሃቱ በገዛ በሩ ላይ የምትጨመር መቀርቀሪያ ሆነችበት።

ጢሙ ሳይበቅል የገባበት ጋራዥ ውስጥ ጠጉሩ ሸበተ። ሚስቱ ሱግራና ልጁ መህሩ ከቼናብ ወንዝ ማዶ ባለች መንደሩ ናቸው፤ የሚያያቸው በበዓል ብቻ ነው። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እዚያው መንደሩ ውስጥ፣ ከሾላው ሥር፣ የራሱን ጋራዥ ከፍቶ ማታ ማታ ከቤተሰቡ ጋር እራት መብላት። ግን ኡስታዱ ነጭ ጥምጣም አስረው ሳይመርቁት የወጣ ተማሪ፣ በእኛ አገር ከሌባ አይሻልም።

«ዝም ብለህ ለምን አትሄድም?» አልኩት አንድ ቀን፣ እኔ የጋራዡ ባልደረባው።

የመለዋወጫ ሻጩ ሃኒፍ ከጎን ቀደመው። «ይሂዳ! ያለ ጥምጣም ከከፈተ እንኳን ሞተር፣ የአህያ ጋሪም አይመጣለት!»

ጉልሸር ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

በዚያው ሰሞን ወተት አመላላሹ ማንዙር፣ ጋኖቹ ግራና ቀኝ እንደተንጠለጠሉ፣ አዲስ ዓይነት ሞተር ብስክሌት እየገፋ መጣ። ቮላኖው፣ ያ ከሞተሩ ጎን የሚሽከረከረው ከባድ ብረት፣ መነቀል ነበረበት። መንቀያው ደግሞ ላሆር ካልሆነ አይገኝም፤ ዋጋውም የጎሽ ጥጃ ይገዛል።

«በመዶሻ እንምታው?» አለ ማንዙር፣ ወተቱ እየጎመዘዘበት።

«የገዛ ጭንቅላትህን ምታ!» ብለው ጮኹ ኡስታድ። ከዚያ ወደ ጉልሸር ዞሩ። «ልጄ፣ ይህቺን ንቀልልኝ። ሐሙስ ጥምጣም አስርልሃለሁ።»

«ጌታዬ ኡስታድ… እውነት?»

«በዚህ ነጭ ጢሜ ላይ እዋሻለሁ እንዴ?»

ጉልሸር ወዲያው እጅጌውን ሰበሰበ። የጋራዡን ብሎን ሁሉ በቮላኖው አፍ ሞከረ፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠብባል። ተስፋ ቆርጦ ተቀመጠ። ተቀምጦ ሞተሯን ሲያያት ቆየና ድንገት ተነስቶ የኋላ ጎማዋን ፈታ። ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ መዘዘና ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰ። አመጣጥኖ በቮላኖው አፍ ሲያዞረው፣ ሙሽራ ደጇን እንደምታውቅ ሰተት ብሎ ገባ።

«ያገሬ ልጅ፣ ይቺ ሞተር መድኃኒቷን በገዛ ገላዋ ይዛ ነው እንዴ የምታለቅሰው?» አለ ማንዙር።

ሞተሩ አብሮ እንዳይዞር ጉልሸር በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ አጉርሶ ፒስተኑን ቀየደው። ዘንጉን አጠበቀ፣ ጫፉን አንዴ በመዶሻ ነካ አደረገው። ቮላኖው ጓ ብሎ ተላቀቀ። ሰፈሩ አጨበጨበ። እሱ ግን ስልኩን አንስቶ ሱግራን፣ «ሐሙስ!» አላት።

ሐሙስ ጣፋጩ በትሪ መጣ፣ ከበሮ መቺውም ተጠራ። ከሰፈሩ አጠገብ ካለው የቅዱስ ሰው መቃብር ቅጥር ወዲያ አንድ ዘማሪ ያንጎራጉራል፦

ወንዝስ ቢጓዝም ባሕሩን ያገኛል፤
እኔ በሐር ታስሬ፣ ማንስ ይፈታኛል?

ኡስታድ ቆሙ። ሁላችንም ነጩን አዲስ ጥምጣም ጠበቅን። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ገዛ ራሳቸው ሰደዱ። የራሳቸውን ጥምጣም፣ ኡስታዳቸው ያሰሩላቸውን፣ ፈቱት። መላጣቸው በፀሐይ አበራ።

«ፈጣሪ ወንድ ልጅ አልሰጠኝም፤ ይህን ሰጠኝ» አሉ፤ እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገባ። «ከእኔ በኋላ ወንበሬ የሱ ነው።» ያንኑ ጥምጣም በጉልሸር ራስ ላይ ጠመጠሙት።

አዲሱ ነጭ ጥምጣም ቢሆን ሂድ ማለት ነበር። ይኸኛው ኑር ማለት ነው፤ ኡስታዱ እስኪሞቱ፣ ከዚያም እሱ ራሱ እስኪሞት። እንቢ ማለት የሽማግሌውን ክብር በአቧራ ላይ መጣል ነው። ጉልሸር ወደ እኔ አየ። ላድነው የምችል ይመስል አየኝ፤ እኔም ዓይኔን ወደ ትሪው መለስኩ። ጎንበስ ብሎ የኡስታዱን እግር ነካ።

ከበሮው ቀለጠ። ሃኒፍ እየጨፈረ፣ «ኡስታድ ጉልሸር!» ይላል።

ስልኩ ሲጮህ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ አነሳው። አጠገቡ ስለነበርኩ የሱግራ ድምፅ ይሰማኛል።

«የመህሩ አባት፣ ከበሮውን ሰማሁት! ታሰረልህ?»

«ታሰረልኝ።»

«እሰይ! መቼ ነው የምትመጣው?»

ሙሉውን ሳይነግራት ጥምጣሙን በአንድ እጁ ዳሰሰ። «ለዒድ እመጣለሁ» አላት።

ከወንዙ ማዶ የደስታዋ ድምፅ ቀዘቀዘ።

«ለዒድማ» አለችው፣ «እንግዳም ይመጣል።»