የእሷ ብቻ የሆነው ማር

በቤቴ ማንም ከማንም ቀድሞ አይበላም። ሦስቱን ሴት የልጅ ልጆቼን ያሳደግኳቸው በዚህ ሕግ ነው። ከማንኪራ ጫካ ማር ሲመጣልኝ ለሦስቱም አንድ አንድ ማንኪያ፣ አፍ አፋቸውን በጣቴ እየጠረግኩ እሰጣቸው ነበር።

መካከለኛዋ ላይ የስኳር በሽታ ተገኘባትና በየቀኑ መርፌ ታዘዘላት። ማር ተከለከለች። እኔም "እሷ ካልቀመሰች ማንም አይቀምስም" ብዬ ማሩንም ስኳሩንም ከቤት አወጣሁ።

"ታዲያ እኛም እንወጋ?" አለችኝ ትልቋ አኩርፋ።

"ምላስሽን ሰብስቢ!"

አንድ እሑድ ጠዋት መርፌዋን ወጋኋት። ቆጮው ቀርቧል፤ እህቶቿ ግን ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም።

"እማማ፣ ራበኝ።"

"ይምጡና አብራችሁ ትበላላችሁ።"

ብዙም አልቆየች፤ ላብ አጠመቃት፣ እጆቿ ተንቀጠቀጡ። ስጠራት እንደማታውቀኝ አየችኝ። በቤቱ ውስጥ አንድም የሚጣፍጥ ነገር የለም። ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጩኸቴን የሰማች ጎረቤቴ፣ ባለ ሱቋ፣ ስኳር ይዛ እየሮጠች መጣች።

"እትዬ፣ ማልቀሱን ተይና ቀና አድርጊያት!"

መዋጥ አላቃታትም ነበር። ስኳሩን በውሃ በጥብጠን ትንሽ በትንሽ አጠጣናት። ቀስ በቀስ ነፍስ ዘራች።

ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ አልተቆጣችኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

"እማማ፣ የምትወጋው መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ መልእክት ነው" አለችኝ። "በደም ይሄድና ለሴሎቻችን 'ስኳር መጥቷል፣ ክፈቱ' ይላቸዋል። ሳንበላ ስንቆይ ጤነኛ ሰውነት መልእክቱን ይቀንሳል። የእሷ ሰውነት ግን መልእክቱን መሥራት አቁሟል፤ በመርፌ የምንልክላት እኛ ነን። አንዴ ከገባ ደግሞ 'ተመለስ' አይባልም። ትብላ አትብላ አያውቅም። ሴሎቹ ይከፍታሉ፣ የደሟ ስኳር ይወርዳል፣ አእምሮዋ ይራባል።"

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ይህ ግን ገባኝ። እህቶቿን ሳስጠብቃት እኔ የላክሁት መልእክት አልጠበቀም።

"ማር ከልክላችኋት የለም እንዴ?"

"እንደ ምግብ እንዳትበላው ነው የከለከልናት። እንዲህ ሲያደርጋት መድኃኒቷ እሱ ነው። ቀድሞ ሊነግሩዎት ይገባ ነበር።"

"ይገባ ነበር!" አልኩ፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እንዲሰማ። "ለእነዚህም ንገሯቸው!"

አሁን መደርደሪያዬ ላይ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ማር አለ፤ የእሷ ብቻ ነው። ከመርፌው በኋላም ቀድማ ትበላለች፣ እህቶቿ እያዩ።

"እማማ፣ ይሄ ትክክል ነው?" አለችኝ ትንሿ ትናንት።

"ትክክል ነው" አልኳት። ዓይኔ ግን እየጎረሰች ካለችው ልጅ እጆች ላይ ነበር፣ ይንቀጠቀጡ እንደሆነ።