የእናቴ እንዝርት በቶሪኖ

ስደተኛ ሁሉ ከአገሩ የወጣበትን ሌሊት ያወራል። እኔ ከናዝሬት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ እየሸኘችኝ፣ በድሬዳዋው ባቡር ነው። የቀበሌው የይለፍ ወረቀት «አክስቷን ለመጠየቅ፣ ለሁለት ሳምንት» ይላል። የጣቢያው ጠባቂ ቦርሳዬን ሲበረብር የእናቴን እንዝርት አገኘ።

«ይኼስ?»

«አክስቴ ወልዳለች፤ ለሕፃኑ ጋቢ ልፈትልላት ነው።»

«በሁለት ሳምንት?»

እናቴ ጣልቃ ገባች። «እጇ ፈጣን ነው፣ ልጄ። እንዝርቷ ግን የእኔ ናት። ስትመለስ ታመጣልኛለች።»

ወደ ጅቡቲ እንደምሻገር ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጠባቂው እንዝርቷን ወደ ቦርሳዬ መልሶ «ነጋን ገሊ» አለኝ፣ በሰላም ግቢ ማለቱ ነው። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ጅቡቲ አንድ ዓመት ሰው ቤት ሠርቼ ጣሊያን፣ ቶሪኖ ገባሁ። ወገኖቼ፣ ስለ ብርዱ ምን ልንገራችሁ፤ የናዝሬትን ሙቀት ያማረርኩበትን አፌን ረገምኩት። ሩዙን አላቁጠው እንደ አጥሚት ይበሉታል፣ ሪዞቶ ነው ስሙ። ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ «ቻው» ብሎ ያልፋል፤ እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ የሚባል ነገር የለም። የመኖሪያ ፈቃዱን ሶጆርኖ ይሉታል። እሱን ልጠይቅ ቢሮ ሄድኩ።

«ሙያሽ?» አለኝ ጸሐፊው።

«ፈታይ ነኝ።»

«የት ፋብሪካ?»

«እዚህ፣ ጭኔ ላይ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። እስከ ወሩ መጨረሻ ከአሠሪ ደብዳቤ ካላመጣሁ ከአገር እንደምወጣ ነገረኝ።

ቤት ያከራየችኝ ሲኞራ ፒያ ሹራብ ሠርታ የምትሸጥ ባልቴት ነበረች። የበግ ፀጉር ሰጠችኝና «ፈትለሽ አንድ ሹራብ ሥሪበት፤ ካማረ ደብዳቤውን እጽፍልሻለሁ» አለች። ሹራብ መሥራት ናዝሬት ተማሪ ቤት ተምሬያለሁ። ክሩንም እናቴ ለሸማኔ ድር እንደምትፈትለው አቀጠንኩት፣ አከረርኩት። ጨርሼ በኩራት አቀረብኩላት። ሲለበስ ግን ወደ አንድ ጎን ተጣመመና የጎኑ ስፌት እምብርቷ ላይ መጣ።

ሲኞራ መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች። «ይኼ ሹራብ ወዴት እየሄደ ነው?»

«ወደ ናዝሬት ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።

አልሳቀችም። ዐሥር ቀን ቀርቶኝ ነበር።

ክፍሌ ገብቼ ሹራቡን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አየሁት። ሸማኔ ዘንድ ድር ተወጥሮ ስለሚታሰር መክረሩ ይጠቅመዋል። ሹራብ ውስጥ ግን ክሩን የሚይዘው የለም፤ ያከረርኩትን ሊፈታ ሲታገል ሹራቡን ይዞት ይዞራል። ያን ጊዜ እናቴ የጋቢ ዘርፍ ስትገምድ ትዝ አለችኝ። ሁለት የከረሩ ክሮች አጋጥማ ወደ ተቃራኒው ታዞራቸዋለች፣ እነሱም ተቃቅፈው ይረጋሉ።

ያን ያለቀ ሹራብ እስከ አንገቱ ተረተርኩት። ክሩን አጥቤ አሰጣሁት፣ ሁለት ሁለቱን አጋጥሜ እንዝርቷን ወደማታውቀው አቅጣጫ አሾርኳት። ያጠረኝን ጨምሬ ፈተልኩና ሹራቡን እንደገና ጀመርኩ። በዘጠነኛው ቀን ሲኞራ ለበሰችው። ስፌቱ ከብብቷ እስከ ወገቧ ቀጥ ብሎ ወረደ። እጇን አንስታ ዝቅ አደረገች፣ ጎንበስ ቀና አለች፤ ንቅንቅ አላለም። ሳታወልቀው ተቀምጣ ደብዳቤውን ጻፈች።

ጸሐፊው አነበበ። «ፈታይ» አለ፣ ማኅተሙንም መታው። ዛሬ በሲኞራ ሱቅ ለሁለት ጣሊያናውያን ሴቶች መፍተል የማስተምረው እኔ ነኝ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም።

በመጀመሪያ ደሞዜ እናቴን ናዝሬት ስልክ ቤት አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት።

«እንዝርቴስ?» አለችኝ።

«ደህና ናት። ሰው ሲመጣ ልላክልሽ፣ እማዬ?»

«እንዳትልኪብኝ። ስትመለስ ታመጣልኛለች ብዬ ለመንግሥት ቃል ገብቻለሁ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ።