ግማሽ ፊት

በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ በቀለም የተጻፈ ነገር ካያችሁ የአያ ክንዴ እጅ ነው። የወፍጮ ቤቱ፣ የልብስ ሰፊው፣ የቀበሌው፣ እኔ በዋናው መንገድ ዳር የከፈትኳት ሻይ ቤትም ጭምር። «በለጠች ሻይ ቤት» ብሎ በሰማያዊ ጻፈልኝና ከጎኑ እንፋሎት የሚወጣው ብርጭቆ ሣለበት። ስሜ ተልቆ ብርጭቆው ይነስ ብለው እምቢ አለ።

«ከአዲ አርቃይ የሚመጣው ነጋዴ ፊደል አይቆጥርም፤ ጉሮሮው ነው የደረቀ» አለኝ። «ብርጭቆው ለእሱ ነው፣ ስሙ ለአንቺ።»

ተናድጄ ለሁለት ቀን ሻይ በነጻ አልሰጠሁትም። ነጋዴዎቹ ግን ብርጭቆውን እያዩ መግባት ጀመሩ፤ እኔም አፌን ያዝኩ።

ሙያውን የተማረው ደረስጌ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከሚሥሉት ከመሪጌታ ገብረ ኪዳን እግር ሥር። አብዮቱ ሲመጣ ሥዕል የሚያሠራ ደብር ጠፋና ወደ ታፔላ ወረደ። ፊደሉ ግን አልወረደም፤ የወፍጮ ቤቱን ታፔላ ሳይቀር እንደ ብራና ጽሑፍ ወፍራምና ቀጭን እያደረገ ነበር የሚጽፈው። ከመሪጌታ የተማረውን አንድ ሕግም አልረሳም። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላል። ሰይጣንና ይሁዳ በጎን፣ በአንድ ዐይን። ይህንን ለማወቅ ተማሪ ቤት መግባት አያሻም። እኛም በልጅነታችን ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ለየትኛው ሥዕል እንደምንሰግድ፣ ከየትኛው ፊታችንን እንደምናዞር የምናውቀው ዐይኑን ቆጥረን ነው።

ሚስቱ ጤናዬ የደረስጌ ቄስ ልጅ ናት፤ የእኔ ደግሞ የልብ ባልንጀራ። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ያየህ። በሕፃንነቱ የአባቱን መሰላል ወጥቶ ወድቆ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ቀርቶበት ነበር። ዳባት ፎቶ አንሺ መጥቷልና ልጁን ወስደን እናስነሣው ብንለው አያ ክንዴ እንደ ስድብ ቆጠረብን። «ሠዓሊ ቤት ፎቶ ምን ይሠራል? እኔ እሥለው የለም ወይ!» አለ። ኩራቱን ታውቁታላችሁ፤ ጊዜ የማይገድ የሚመስለው ኩራት። ሳይሥለው ብሔራዊ ውትድርና መጣና ያየህን ወሰደው። ያለ ፎቶ፣ ያለ ሥዕል ሄደ።

በዚያው ክረምት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲባል ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ያለው የመጋዘን ግድግዳ በሥዕል እንዲሸፈን ታዘዘ። ከአዲስ አበባ የታተመ ፖስተር መጣ፤ ገበሬ፣ ላብ አደርና ወታደር፣ ሦስቱም በጎን፣ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ አንጋጠው። አያ ክንዴ ላስቲክ ወጥሮ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እየወጣ ይሥል ጀመር። ገበሬውንና ላብ አደሩን እንደ ፖስተሩ ሠራቸው። ወታደሩ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ሌላ ሆነ። ጉም ገለጥ ያለ ጠዋት በሬን ስከፍት ያየህ ከግድግዳው ላይ ፊት ለፊት ያየኛል! ሁለት ዐይኑ፣ ጠባሳው፣ ያ ሊስቅ ሲል የሚያደርገው ከንፈር። ጮኼ ጤናዬን ጠራኋት።

መንገዱን እየሮጠች ተሻግራ ጉንጩን ዳሰሰችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ደጄ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስታየው ትውል ነበር። ወታደር የጫነ መኪና በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ጦር ግንባር ባለፈ ቁጥር ብድግ ትላለች። «ከእነዚህ አንዱ ቢያውቀው፣ አባትህ ሥሎሃል ይለዋል» ትለኛለች።

የቀበሌው ካድሬ በዓሉ ሊደርስ ሲል መጣ። ፖስተሩን በአንድ እጁ ይዞ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ።

«ጓድ ክንዴ፣ ይሄ ወታደር ምንድን ነው የሚያየው?»

«የሚያየውን ሰው ነዋ።»

«ወደ ፊት ነው ማየት ያለበት! ወደ ብሩህ ተስፋ! ይሄ እኮ ሻይ ቤት ነው የሚያየው!»

እኔ በሬ ላይ ሆኜ ሳቅሁ። ካድሬው ሲዞርብኝ ሳቄን ዋጥሁት። አያ ክንዴ «በእኛ ልማድ እኮ በጎን የሚሣል...» ብሎ ጀመረና እሱም የቀረውን ዋጠ። የመንግሥት ፖስተር ላይ ያሉት ሁሉ በጎን ናቸው፤ እነሱን ማን ሰይጣን ሊላቸው ነው? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ንጉሡ ከወረዱ ዓመታት ቢሆንም ተረቱ አልወረደም ነበር።

«አያ ክንዴ፣ እንግዲያው ፊቱን ለውጠው» አልኩት ካድሬው ሲሄድ። «የማንም አድርገው፤ ያየህ አይሁን።»

«በልጄ ፊት ላይ የማንን ፊት ልደርብ?» አለኝ። «ግማሹም ቢሆን ይትረፍልኝ።»

ስህተቱ ይኸው ነው። የያየህን አፍንጫ፣ የያየህን አገጭ እንደያዘ ፊቱን ወደ ሊማሊሞ አዞረው። አንድ ዐይን ቀረ። ጠባሳው ከተደበቀው ግማሽ ጋር ሄደ።

ጤናዬ በማግስቱ መጣች። አልጮኸችም፤ ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ልጄን ከእነማን ጋር ነው ያቆምከው?» ብላ መሰላሉ ላይ ያለውን ባሏን ጠየቀችው። ከዚያ ቀን ወዲያ አግዳሚዬ ላይ አልተቀመጠችም። ለገበያ ስትወጣም ነጠላዋን በግድግዳው በኩል አውርዳ ታልፍ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ደረስጌ፣ ወንድሟ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ዘንድ ገባች። እኔን እንኳ አልተሰናበተችኝም። ቂሙ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

አያ ክንዴ ብቻውን ቀረ። ከያየህ ወሬ አልመጣም። ሞተ ብሎ የሚያረዳ የለ፣ አለ ብሎ የሚያበሥር የለ፤ መርዶ የለምና ልቅሶ አልተቀመጥንም። ቤቱ እሳት ማንደድ ተወ፤ ራቱን እኔ ዘንድ እየበላ ይሄዳል። ከሥዕሉ ሥር ያለው መፈክር በየዓመቱ ይለወጣል፤ አሮጌውን በኖራ አጥፍቶ አዲሱን ይጽፋል። ዝናብ ቀለሙን ሲያጥበው ደግሞ ለመስከረም አድስ ይባላል። እየወጣ ያንኑ ግማሽ ፊት ይደጋግመዋል። ያንኑ አፍንጫ፣ ያንኑ አንድ ዐይን። እኔም ደጄን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ እሱ ግን አያየኝም። ሰው በየቀኑ ፊቱን ሲያዞርባችሁ እንዴት እንደሚከፋ የቀመሰ ያውቀዋል።

የጦርነቱ ወሬ ወደ እኛ ሲቃረብ ካድሬው ጓዙን ጭኖ ወደ ጎንደር ወረደ። በማግስቱ አያ ክንዴ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም ነበር።

«ዛሬ አዞረዋለሁ» አለኝ። «ሁለተኛ ዐይኑን እሰጠዋለሁ። ከዚያ ጤናዬን አመጣታለሁ።»

መሰላሉን ወጣ። ብሩሹን አነሣ። ሻይ ቀድቼለት እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጁ እንደተነሣ ቆመ፤ ኋላም ቀስ ብሎ ወረደ።

«በለጠች፣ ጠባሳው በየት በኩል ነበር?»

«ምነው አያ ክንዴ? የልጅህን ፊት?»

«ጠፋብኝ። ዐይኔን ስጨፍን ግድግዳው ነው የሚመጣብኝ።»

ልቆጣው ብዬ እኔም ዐይኔን ጨፈንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለእኔም የመጣልኝ ግድግዳው ነው። በቤቴ ያደገ ልጅ፣ ስንት ጊዜ እጁን ያስታጠብኩት!

የሚያስታውስ ሰው ካለ እናቱ ናት ብሎ በእግሩ ደረስጌ ሄደ። ሲመለስ ብቻውን ነበር፤ የተባባሉትን እዚያው አግዳሚው ላይ ነገረኝ።

«የሸሸሁት አንተን መሰለህ?» አለችው። «የመጀመሪያ ቀን የተቆጣሁት ለሥዕሉ ሥርዓት ነበር። ኋላ ግን ልጄን ሳስበው በጎን መምጣት ጀመረ። ሙሉ ፊቱ ሳይጠፋብኝ ልሂድ ብዬ ነው የሄድኩ።»

«እና ሙሉ ፊቱ አለሽ?» አላት።

«የለኝም። ላልቅስለት እንኳ የማንን ፊት እያየሁ ላልቅስ?»

ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

በማግስቱ የኖራ ባልዲ ይዞ ወጣና የወታደሩን ፊት ብቻ አጠፋው። ገበሬውና ላብ አደሩ ወደ ሊማሊሞ እንዳንጋጠጡ፣ በአጠገባቸው ራስ የሌለው ወታደር ጠብመንጃ ይዞ ቀረ። አያ ክንዴ ከዚያ ወዲያ ሥራ ፈትቶ አግዳሚዬ ላይ እየተቀመጠ ነጩን ቦታ ማየት ያዘ። አበደ ያሉት ነበሩ። እኔ ግን እያለፍኩ «መጣልህ?» እለዋለሁ። «ገና ነው» ይለኛል።

አንድ የገበያ ቀን ጤናዬ መጣች። ጠቁራ፣ ከስታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። «አጠፋው ሲሉ ሰምቼ ነው» አለችኝና ከአግዳሚው በዚያኛው ጫፍ ተቀመጠች። በመካከላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ሁለቱም ነጩን ኖራ ያያሉ።

«ጠባሳው በግራ በኩል ነው» አለ ኋላ አያ ክንዴ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

«በቀኝ ነው» አለች።

«በግራ! የሣልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«ደሙን የጠረግሁት እኔ ነኝ! በቀኝ ነው!»

በዚያ ሁሉ ዓመት ሲጨቃጨቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ና አሳየኝ!» ብላ ብድግ አለች። መንገዱን ተሻገሩ፤ እኔም ሰሐኔን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። እሱ ጣቱን ዘርግቶ ነጩን ኖራ ነካ። እሷም ዘረጋች። ሁለት ጣት አንድ ቦታ ላይ አረፈ። እሱ ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚያይ ሠዓሊ በራሱ ግራ፣ እሷ እንዳቀፈችው ልጅ አካል በልጁ ቀኝ ቆጥረውት ነው እንጂ ቅንድቡ ያው አንዱ ቅንድብ ነበር።

ጣታቸውን አላነሡም። የጤናዬ እጅ ቀስ እያለ ከዚያ ወደ ጉንጩ፣ ከጉንጩ ወደ ከንፈሩ ወረደ፤ ምንም ባልተሣለበት ኖራ ላይ።

«መጣልኝ» አለች። «ክንዴ፣ መጣልኝ። አሁን እናልቅስለት።»

ያን ቀን ሻይ ቤቱን ዘግቼ አግዳሚውን ለልቅሶ ሰጠሁት።