ፌርፋክስ ላይ የተለቀሰ ለቅሶ

አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ያኔ በተሰደድኩበት የባሕር ማዶ ከተማ፣ ፌርፋክስ በሚባለው ሰፈር አማርኛ የሚናገር ሰው ማግኘት ዘበት ነው፤ ሰፈሩ የአይሁድ ሽማግሌዎች ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅም የሌላቸው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ፣ ጓሯቸው ያለችውን ክፍል አከራዩኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጠሩኛል። ዓይናቸው ስለደከመ መጽሐፍ አይገልጡም፤ ጠቢቡ ንጉሥ ስለ እርጅና የጻፈውን በዕብራይስጥ በቃላቸው ይወጡትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይፈቱልኛል። የሰው ገላ የሚፈርስ ቤት ነው፤ መስኮቱ ዓይን ነው፣ ወፍጮው ጥርስ ነው እያሉ የራሳቸውን ይጠቁማሉ። በልጅነቴ የኔታ ይህንኑ ስላስተማሩኝ ሳይጨርሱ እቀድማቸዋለሁ። ይናደዱብኛል።

«አንተ ምን አገባህ! ይኼ የኔ ነው። አንተ ወጣት ነህ፣ ሂድና ጨፍር!»

ከማን ጋር እንደምጨፍር ግን አልነገሩኝም።

አልቃሾቹ በአደባባይ ይዞራሉ ከሚለው ቃል ሲደርሱ ድምፃቸው ይለዝባል። አንድ ቀን «ለኔ ማን ያለቅሳል?» አሉኝ። የምራቸውን ነበር። «እኔ አለሁልዎት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር ቃሌን ያስታውሱኛል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ዳውንታውን ወደምሠራበት መኪና ማቆሚያ አንድ ያገሬ ልጅ ጓደኛዬ ከክሬንሾው ሰፈር ደወለ።

«ኦኬ፣ ቁጭ ብለሃል? ሶ... ከአዲስ አበባ ኮል አድርገውልኝ ነበር። ታናሽ ወንድምህ...»

በጥይት ነው፣ መንገድ ላይ። መርዶ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገረው። እኔ የሰው መኪና ቁልፍ ይዤ እንደቆምኩ ሰማሁት። ጓደኛዬ «ኦፍ ስሆን እመጣለሁ» አለ፤ አልመጣም። እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል። ፈረቃዬ እስኪያልቅ መኪና ፓርክ ሳደርግ ዋልኩ። እንባ እምቢ አለኝ። ማንም ሳይዘኝ ብቻዬን እንዴት እንደሚለቀስ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ደጃፌ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። ነገርኳቸው።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«አስራ ዘጠኝ።»

ጫማቸውን አወለቁና ግድግዳ ይዘው በስንት መከራ መሬት ላይ ተቀመጡ። በእነሱ ወግ ሐዘንተኛ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው።

«ተራው የኔ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «እናንተ አገር እንዴት ነው የሚለቀሰው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እየጮኹ። ደረት እየመቱ።»

በዚያ በደረቀ ድምፃቸው ጮኹ። በቀጭን እጃቸው ደረታቸውን መቱ። የማያውቁትን ልጅ «ወንድሜ!» አሉት። ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ አየንና መልሶ ዘጋው። ያኔ ነው የኔ እንባ የወጣው፤ ትከሻዬን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ።

በዚያ ሁሉ ከተማ ለወንድሜ ለቅሶ የደረሱ እሳቸው ብቻ ናቸው።